ከጠጄ ግድግዳ የወረደው ሥዕል

ሥዕሉ በነጭ ነጠላ ተጋርዷል። ሰርካለም ደጃፉን ተሻግራ ከታናሽ እህቷ ጋር በወጉ እንኳ ሳትሳሳም ዓይኗ ቀድሟት የሄደው ወደዚያ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕለ ማርያም እንደሚጋረድ፣ የነጠላው ሁለት ጫፎች ከላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዘዋል፤ ጥለቱ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል። ገልጣ ማየት አማራት። ግን እጇን ሰበሰበች።

«ትቢያ እንዳይነካው ነው» አለች ጠጄ ከኋላዋ። «ምንይሉ ነው የሚሸፍነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገልጦ ይጠርገዋል።»

ድምጿ ወቀሳም ምስጋናም አልነበረበትም። ስለ ባሏ ሳይሆን ስለ ጎረቤት ከብት የምታወራ ትመስል ነበር።

ሰርካለም ከደብረ ብርሃን የተነሣችው በማለዳው ሚኒባስ ነው። ከትናንት በስቲያ ጠጄ ደውላ «ነይና ሥዕልሽን ውሰጂ» አለቻትና ስልኩን ዘጋችው። ምክንያቱን አልነገረቻትም፤ መልሳ ብትደውልም አላነሣችላትም። በመንዝ የሰጡት ስጦታ ወደ ሰጪው አይመለስም። ተጣልተው በሽማግሌ የሚካሰሱ ዘመዳሞች እንኳ በሠርግ የተሰጣጡትን የበግ ጠጉር ባና አይመላለሱም፤ ስጦታውን የመለሰ ዝምድናውንም አብሮ መለሰ ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ መቀመጫው አልመች አላት። መስኮቱን ትከፍታለች፤ ብርዱ ሲገባ ትዘጋዋለች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ሰላም ሲሏት ያሉትን ሳትሰማ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናውን ሲውጠው ጣሪያው አፍስሶበት ይሆናል ብላ አሰበች። ሞላሌ ሲደርሱ አይጥ በልታው ይሆናል አለች። መሐል ሜዳ መናኸሪያ ስትወርድ ግን ከሐሳቧ ሁሉ የቀረው ቁጣ ብቻ ነበር፤ ባጃጅ እንኳ ሳትይዝ በችኮላ እየተራመደች ነው ከእህቷ ደጅ የደረሰችው።

ያን ሥዕል ከሠራቻቸው ሁሉ አብልጣ ትወደዋለች። አባታቸው አቶ ዓምደ ሚካኤል አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት ትምህርቷን አቋርጣ ያስታመመቻቸው ጠጄ ናት፤ እሷ ከአልጋው ሥር ባትቀር ኖሮ ሰርካለም አዲስ አበባ ሄዳ ሥዕል መማሯ ሕልም ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም። ጠጄ ስታገባ ዘመድ አዝማዱ ባናና ሙክት፣ ድስትና ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ ሰርካለም በሁለት ሰው የሚያዝ ትልቅ ሥዕል አስጭና መጣች። መልክ የሌለበት፣ ረቂቅ የሚሉት ዓይነት ሥዕል ነው፤ በላዩ ላይ አመድማ ሰማያዊ በአመድማ አረንጓዴ ላይ በወፍራሙ ተደራርቦ፣ ታች በግራ በኩል ጣት የማይሞላ ብርቱካናማ ጭረት አልፎበታል። አንድ የእናታቸው ወገን የሆኑ ሽማግሌ ቆመው አዩትና የማን መልክ እንደሆነ ጠየቋት። የማንም አይደለም ብትላቸው፣ ላለማስቀየም «ይባርክላችሁ» ብለው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ጠጄ ብቻ ሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች ብዙ ጊዜ ቆማ ካየችው በኋላ «ነፋስ ሲያገላብጠው የጓሳ ሣር ይመስላል» አለች። ሰርካለም ሥዕሉን ስትሠራ በመንዝ ደጋ ያለውን የጓሳ ሜዳ አላሰበችም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሌላ ነገር ሆኖ አልታያትም።

የተሰቀለ ዕለት እንዴት እንደሚያዝ ለእህቷ ባል ለምንይሉ ነገረችው። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፤ ጢስና እንፋሎት አይድረስበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አይወልወል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠረግ፤ ግድግዳው ሲረጥብ ሸራው እንዳይሻግት ከኋላው አየር የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ምንይሉ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የተነገረውን የማይረሳ፣ ረጋ ያለ ሰው። እንዲህ ያለ ነገር ለእሱ ቤት መሰጠቱን እንደ ትልቅ ክብር ቆጠረው። አልጋውን ከመስኮቱ ወዲህ ገፍቶ የተሻለውን ግድግዳ ለሥዕሉ ሰጠው። ሰርካለም በደወለች ቁጥር ስለ ሥዕሉ ትጠይቀዋለች፤ እሱም እረኛ ስለ በጎቹ እንደሚናገረው አንድ በአንድ ይነግራታል። ደስ ይላት ነበር። አዲስ አበባ የቀሩት ሥዕሎቿ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው በሌለበት ቢሮ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ይኼኛው ግን ጠባቂ አለው።

አሁን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቤቱን ስታይ ጣሪያው አላፈሰሰም፤ ግድግዳውም ደረቅ ነው። መጋቢት ነበር፤ የበልጉ ደመና ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ጠጄ ቤት ውስጥ ሆና ባና ደርባለች። ከስታለች፤ አንገቷ ረዝሟል። ለሕፃን ልጇ ለቅሶ በታኅሣሥ ስትመጣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ሰርካለም እህቷን እንዲህ ለብቻዋ አላየቻትም።

«ብርዱ በረታብኝ። ፈርኔሎውን ብታመጪልኝ» አለቻት፤ ንግግሩን በሌላ ነገር ለመጀመር ብላ።

«እዚህ ቤት እሳት አይገባም።»

«ለምን?»

ጠጄ መልስ ከመስጠት ይልቅ ነጠላውን አየች። ከዚያ ዓይኗን ሳትመልስ ነገሩን ትነግራት ጀመር።

ልጇ ምስክር የተወለደው በጥቅምት ነው። ክርስትና ሲነሣ የአማቷ የእማማ አስካለ ማርያም ክንድ እስኪዝል የሚከብድ ልጅ ነበር። ቤታቸው ይችው ናት፤ አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ተከፍላ ወዲያ አልጋ፣ ወዲህ ወንበር፤ ማድ ቤቱ ደጅ ነው። ታኅሣሥ ገብቶ ውርጩ ማሳውን ሲያነጣው እማማ አስካለ ማርያም ከሰል ደጅ አቀጣጥለው፣ ሲግም ፈርኔሎውን አልጋው እግር ሥር አስቀመጡት። ምንይሉ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምንም ክፉ ቃል ሳይናገር አንሥቶ አወጣው። የከሰል አየር ሕፃን እንደሚያፍን የጤና ኤክስቴንሽኗ መናገሯን አስታወሳቸው። ባልቴቷ አልተከራከሩትም፤ የተማረ ልጃቸው ነው። በማግሥቱም ደግመው አስገቡ፤ እሱም ደግሞ አወጣው። ከዚያ ልጁ ማሳል ጀመረ። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሳምባ ምች ነው ተባለ፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ሕፃናት እንደያዛቸው፣ በየቤቱም እንደገባ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ለገና አልደረሰም።

«ኤክስቴንሽኗ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ» አለች ጠጄ። «ውሸት አይደለም፤ ከሰል ያፍናል ብላናለች። ግን ምንይሉ ሲነግረን እኔንም ልጁንም አላየንም። ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ነበር።»

ሰርካለም የቆርቆሮውን መንቋቋት ትሰማለች፤ ደጅ ዶሮዎች ይጭራሉ። እሱን ጠይቀሽዋል ወይ አለቻት በመጨረሻ።

«ምን ብዬ?»

ከዚያ ወዲህ ጠጄ ብዙ አልተናገረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ የብሩሹን ድምፅ እንደምትሰማ፣ ድምፁም ልጁ ሲተነፍስ ከነበረው ጋር እንደሚመሳሰልባት፣ አንድ ቀን ብቻዋን ሆና ቢላዋ ይዛ ሥዕሉ ፊት እንደቆመች ነገረቻት። «አልቻልኩም» አለች። «እጅሽ ነው። እጅሽን የምቆርጥ መሰለኝ። ስለዚህ ራስሽ ነይና ውሰጂልኝ።»

ሰርካለም ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። ያ ሰሞን ትዝ እያላት ነበር። ውርጩ በሬዲዮ ሲወራ ሰምታ ለምንይሉ ደውላለት ነበር። የጠየቀችው ውርጩ ግድግዳውን አርጥቦት እንደሆነ ነው። ምንም አልሆነም፣ አያስቡ አላት። ከድምፁ ኋላ ሕፃን ሲያስል ተሰምቷታል። ልጁን ሳሙልኝ ብላ ነበር የዘጋችው። ያን ሳል እስከ ዛሬ ሰምታው እንደነበር እንኳ አታውቅም፤ አሁን ግን ከተናገሩት ቃል ሁሉ ጎልቶ መጣባት።

ነጠላውን ከመርፌ ቁልፉ አላቀቀችው። ሥዕሉ የተሰጠ ዕለት እንደነበረ ነው፤ እንዲያውም ቀለሙ ጠጥሮ፣ ሰማያዊው ጠልቆ አምሮበታል። አንዲት የዝንብ ነጥብ የለበትም። ምነው ሻጋታ በኖረበት፣ ምነው ጥላሸት በጠጣ ብላ ተመኘች፤ እንዲህ አምሮ ማየቱ ነው የከበዳት። ጠጄ ነጠላውን ተቀብላ አጠፈችው። ከዚያ ሁለቱ በሁለቱ ጫፍ ይዘው ሥዕሉን ከምስማሮቹ ላይ አነሡትና አልጋው ላይ አጋደሙት።

ምንይሉ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ አልቆ፣ ጠመኔው ከእጁ ሳይራገፍ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ሰርካለምን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ጎንበስ ብሎ እንደምን ዋሉ ሲላት ግን ባዶውን ግድግዳ አየ። ሰላምታውን አልጨረሰውም።

«አጓድያለሁ እንዴ፣ እትዬ ሰርካለም?» አለ። «ያጠፋሁት ካለ ይንገሩኝ።»

እንዲህ ተጠብቆ የኖረ ሥዕል አይታ እንደማታውቅ ነገረችው፤ እውነቷን ነበር። ታዲያ ለምን እንደወረደ ጠየቃት። ሰርካለም ስታመነታ ጠጄ ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ የጠራኋት።»

ምንይሉ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው፤ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሚስቱን እያየ በዝግታ ተናገረ። «ከወረደ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«እሱን አላልኩም» አለች ጠጄ።

«አላልሽም። ከገና ወዲህ አንድም ቀን አላልሽም።»

ሰርካለም ዝምታው ከምትችለው በላይ ሆነባትና መናገር ጀመረች። ሲሰማት ድምጿ የራሷ አይመስልም። «እኔ ስጦታ አልሰጠኋችሁም» አለች። «አደራ ነው የጣልኩባችሁ። ስጦታ ቢሆን ኖሮ ጢሱንም ይጠግብ፣ እንፋሎቱንም ይጠጣ ነበር። ዛሬ አደራዬን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ የሚጠይቃችሁ የለም።»

በጉዞዋ ሁሉ ያላሰበችው፣ በዚያች ቅጽበት ግን ነገሩን የሚፈታ የመሰላት ቃል ይህ ነበር። ምንይሉ እስክትጨርስ አዳመጣት። አግብቶ ወደ ቤተሰቡ ከገባ ጀምሮ እርስዎ ከማለት ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

«አንቺ ይዘሽው ትሄጃለሽ» አላት። «እኛ ምስማሩን እያየን እንቀራለን።»

ሰርካለም ወደ ግድግዳው አየች፤ ሁለቱ ረጃጅም ምስማሮች ወደ ላይ ተቀልሰው እንደተተከሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ቀለሙ ያልደበዘዘ ሰፊ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ሐኪሙም አያውቅም፤ ምናልባት ምንይሉ ራሱ፣ ፈርኔሎውን አንሥቶ በወጣባት ቀን ምን እያሰበ እንደነበር አያውቅም። እነዚህን ወራት ሲመረምር ኖሮ ይሆናል፤ ብሩሹን ይዞ በቆመ ቁጥር።

«እንግዲያ ምስማሩንም ንቀለው» አለች ጠጄ።

የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፤ ሳታዝዝ፣ ሳትለምን። ምንይሉ ወጣ። ከማድ ቤቱ ጉጠት ይዞ ተመለሰ። የመጀመሪያው ምስማር ቶሎ ተነቀለ፤ ሁለተኛው ግን በጭቃው ውስጥ ካለው እንጨት ጋር ተያይዞ ነበርና ሲነቀል የእጅ መዳፍ የሚያህል ልስን ይዞ ወረደ። ጭዱ የሚታይበት ጉድጓድ ቀረ። ጠጄ የወደቀውን አፈር በእጇ ሰብስባ ወደ ደጅ ወሰደችው። ስትመለስ ባሏ አጠገብ ቆመች፤ አልነካችውም፤ አጠገቡ ግን ቆመች።

ሥዕሉን በአሮጌ ባና የጠቀለለው ምንይሉ ነው። ሰርካለም ልታግዘው ብትልም እጇን ገለል አደረገው፤ ማዕዘኖቹን እየደራረበ፣ ገመዱ ሸራውን እንዳይጫነው ክፈፉ ላይ ብቻ እያሳለፈ አሰረው። ጠጄ እስከ አጥሩ ሸኘቻት። ተቃቀፉ። ሰርካለም ይቅርታ ልትላት ፈልጋ ነበር፤ ለምኑ እንደሆነ ግን ለይታ መናገር አቃታት። ጠጄ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «በሰላም ግቢ እታለም» አለቻትና ወደ ቤቷ ዞረች።

መናኸሪያው ድረስ ሰርካለምና ምንይሉ ሥዕሉን ከፊትና ከኋላ ይዘው ሄዱ። ነፋሱ ከጓሳ በኩል እየመጣ እንደ መርከብ ሸራ ይገፋቸው ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ዕቃውን ዙሪያውን አይቶ ውስጥ እንደማይገባ ነገራቸው፤ ተሳፋሪ ሞልቶበታል፤ የሚጫነው ፖርቶመጋላው ላይ ነው። ላስቲክ አለህ ወይ ቢለው ምንይሉ፣ ላስቲኩ ጠዋት የእህል ጆንያ ሸፍኖ ደብረ ብርሃን ቀርቷል አለው። ሰማዩ በሞላሌ አቅጣጫ ጠቁሯል።

ረዳቱ ሥዕሉን ተቀብሎ ከላይ ሲያስረው ምንይሉ ከሥር ቆሞ እንዲህ አድርገው፣ እዚያ ጋ አላላው ይለው ነበር። ከዚያ የካፖርቱን ቁልፎች መፍታት ጀመረ። አንዱን ፈታ፤ ሁለተኛውን ፈታ፤ አንድ እጅጌውን አወጣ። ሥዕሉን ሊያለብሰው መሆኑን ሰርካለም ስታውቅ ተው ልትለው አፏን ከፈተች፤ ግን አልተናገረችም። ነፋሱ ሸሚዙን ደረቱ ላይ አጣበቀው። እሱም ግማሽ ካፖርቱን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በእጁ ወዳለው ልብስ አየ።

እጅጌውን መልሶ አጠለቀ። ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ቀስ እያለ ቆለፋቸው።

«ይግቡ፤ ሊሄድ ነው» አላት፤ ወደ እርስዎ ተመልሶ።

በመስኮቱ ሲሄድ አየችው። ወደ ገበያው ሳይሆን ወደ ቤቱ በሚያስኬደው መንገድ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ በፍጥነት ይራመዳል። መኪናው ሲታጠፍ ጠፋባት።

ሞላሌን እንዳለፉ ነበር ዝናቡ የጀመረው። መጀመሪያ በትልልቁ፣ አልፎ አልፎ፤ ከዚያ በረዶ ቀላቅሎ። ተሳፋሪው መስኮት ዘጋ። አንዲት ሴት ሕፃኗን በጋቢዋ ውስጥ ጨምራ ወደ ደረቷ ሳበችው። ሰርካለም የምትሰማው ግን ከሌሎቹ የተለየ ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ይንጣጣል፤ ከራሷ በላይ፣ ሥዕሉ በተጋደመበት በኩል፣ ደንዝዞ፣ ታፍኖ ይወርዳል። ባናው ውኃውን እየጠጣ ነው። እስኪጠግብ ይይዘዋል፤ ከጠገበ በኋላ አይይዘውም። ውኃው በየት እንደሚገባ፣ የትኛው ቀለም ቀድሞ እንደሚላቀቅ፣ ሸራው የት ላይ እንደሚረግብ አንድ በአንድ ታውቃለች። እጆቿ ጭኗ ላይ አላርፍ አሏት።

ረዳቱ አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። «እህቴ፣ ዕቃሽ በሰበሰ» አላት። «እናቁምና ውስጥ እናስገባው? ይኼ ሰውዬ ተጠጋ ካልነው አግዳሚው ላይ በጎኑ ይቆማል።»

አጠገቧ ያለው ሰው ከወዲሁ እግሩን ሰብስቧል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስታወቱ ያያት ጀመር። ዝናቡ የፊቱን መስታወት አልብሶት መንገዱ ከማሳው አይለይም።

«ትንሽ እንሂድ» አለች ሰርካለም።

ሾፌሩ ጥቂት ጠበቀ፤ ሌላ የምትለው ካለ ብሎ። ከዚያ ማርሽ ቀየረና ነዳው።